በሌሊት ባቡር ወደ ስኮትላንድ ደጋ፣ ከእናቴና ከልጄ ጋር



ባለፈው ዓመት ሰኔ ላይ እናቴንና ልጄን ይዤ ከለንደን ወደ ስኮትላንድ በመኝታ ባቡር ተጉዤ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሠርግ ላይም ሆነ ለቅሶ ላይ የሚያገኘኝ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ይጠይቀኛል፦ «እናትህን በዚህ ዕድሜዋ እንዴት ባቡር ላይ አሳደርካት?» ለእያንዳንዱ ሰው ለብቻው ከምመልስ አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው። በተለይ የምጽፈው ልጆቻችሁ «ኑ፣ አገር እናሳያችሁ» ሲሏችሁ «እኔ አርጅቻለሁ፣ እናንተ ሂዱ» ለምትሉ ወላጆች ነው። የሌሊት ባቡር ምን እንደሚመስል፣ ምኑ ደስ እንደሚል፣ ምኑ እንደሚያስቸግር ያየሁትን እነግራችኋለሁ። ሰዓቱን የምጽፈው እዚህ እስራኤል አገር በለመድነው አቆጣጠር ነው።

ነገሩን ያመጣችው ልጄ ናት። ለባት ሚጽቫዋ ምን እንደምትፈልግ ስጠይቃት «ድግስ አልፈልግም፣ የሃሪ ፖተርን ድልድይ ማየት ነው የምፈልገው» አለች። ድልድዩ ግሌንፊናን ይባላል። ስኮትላንድ ውስጥ፣ ተራራ መሃል ያለ፣ 21 ቅስት ያለው የባቡር ድልድይ ነው። ፊልሙ ላይ ተማሪዎቹን የያዘው ባቡር ጭሱን እያትጎለጎለ የሚያልፈው በእሱ ላይ ነው። እሺ አልኳት። ቀጥላ ደግሞ «ሳቭታም ከእኛ ጋር ትምጣ» አለች። እዚህ ላይ ዝም አልኩ።

እናቴ ተውዳት ዜሁቷ ላይ 72 ዓመቷ ነው። እሷ ግን «እሱ የመንግሥት ቁጥር ነው፣ የእኔን እኔ አውቃለሁ» ትላለች። ጉልበቷን ያማታል፣ የደም ግፊት መድኃኒት ትወስዳለች። ከልጄ ጋር በጣም ይዋደዳሉ፣ ግን ብዙ አይነጋገሩም። ልጄ አማርኛ ትንሽ ትሰማለች እንጂ አትናገርም። የእናቴ ዕብራይስጥ ደግሞ የሹክና የኩፓት ሆሊም ዕብራይስጥ ነው። በመሃላቸው የምቆመው እኔ ነኝ። ሥራዬ ኦቬድ ሶሲያሊ ነው፤ ቀኑን ሙሉ በወላጅና በልጅ፣ በሽማግሌና በሚስራድ መሃል ቆሜ ስተረጉም ውዬ ማታ ቤቴም ያው ነው። አንድ እውነት ልንገራችሁ፦ የሚተረጉም ሰው ያሳጥራል። እናቴ አሥር ደቂቃ ታወራለች፣ እኔ ለልጄ «ደህና ነኝ እያለች ነው» እላታለሁ።

ሌላም ችግር ነበር። እናቴ የሌሊት መንገድ አትወድም። ለምን እንደሆነ ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1984 ከጎንደር ገጠር ተነስተን ወደ ሱዳን የሄድነው በሌሊት ነበር። ቀን ጫካ ውስጥ ተደብቀን፣ ሲመሽ ተነስተን። እኔ የአምስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከዚያ መንገድ የማስታውሰው ጥቂት ነው፦ የአቧራው ሽታ፣ የአህያችን ኮቴ፣ እናቴ መቀነቷን ፈትታ አንዱን ጫፍ ወገቧ ላይ፣ አንዱን ጫፍ የእኔ እጅ ላይ አስራ ስትስበኝ። በዚህ በመቀነቱ ነገር ስንት ጊዜ ቀልጄበታለሁ መሰላችሁ። ትምህርት ቤት ጠርተውኝ ስለ መንገዱ ለልጆች ስናገር «በጣም ረባሽ ስለነበርኩ እናቴ እንደ ጥጃ አስራ ነው ወደ ኢየሩሳሌም ያመጣችኝ» እላለሁ፤ ልጆቹም ይስቃሉ።

እናቴን ያሳመናት ልጄ ናት፣ እኔ አይደለሁም። አንድ ዓርብ ማታ አጠገቧ ተቀምጣ በተሰባበረ አማርኛ «ሳቭታ፣ አንቺ መምጣት፣ እኔ ደስታ» አለቻት። እናቴ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ከዚያ «እሺ፣ እመጣለሁ። ባቡሩ ላይ ግን አልተኛም» አለች።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ።

መጀመሪያ ስለ ወረቀት። የእስራኤል ዳርኮን ያለው ሰው ለጉብኝት ወደ እንግሊዝ አገር ለመግባት ቪዛ አያስፈልገውም። ግን ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ ኢ ቲ ኤ የሚባል ፈቃድ ከጉዞው በፊት በኢንተርኔት ማውጣት ግዴታ ሆኗል። ልጆቻችሁ በስልክ ይሞሉላችኋል። የጉዞ የሕክምና ቢቱአህ ሳትገዙ ከቤት አትውጡ። ስትገዙ ስኳርም ይሁን ደም ግፊት ያለባችሁን በሽታ ሁሉ ተናገሩ፤ የተደበቀ በሽታ በኋላ ጣጣ ያመጣል። መድኃኒታችሁን በትልቁ ሻንጣ ሳይሆን በእጅ ቦርሳችሁ ያዙ።

የመኝታ ክፍል ዋጋ እንደ አውሮፕላን ቲኬት ነው፣ ቀኑ ሲቀርብ ይወደዳል። ርካሽ ነው አልላችሁም። ግን የአንድ ሌሊት ሆቴል እንደሚያስቀርላችሁ አስቡ። ወንበር ብቻ መግዛትም ይቻላል፣ ዋጋው ይቀንሳል። ለሽማግሌ ግን አልመክርም። ሌሊቱን ቁጭ ብሎ ማደር ብቻ አይደለም፤ በወንበር ወደ ፎርት ዊሊያም የሚሄድ ሰው ኤድንበራ ላይ በእንቅልፍ ሰዓት ተነስቶ ፉርጎ መቀየር አለበት። መኝታ ክፍል ያለው ሰው ግን ከአልጋው ሳይነሳ ይደርሳል።

ሰንበት የምታከብሩ ይህን ልብ በሉ። ባቡሩ ቅዳሜ ማታ አይሄድም፤ ከእሑድ እስከ ዓርብ ነው የሚነሳው። ዓርብ ማታ ለእኛ ስለማይሆን የሚቀረው ከእሑድ እስከ ሐሙስ ነው። ሐሙስ ማታ ከተነሳችሁ ዓርብ ጠዋት ትደርሳላችሁ፣ ሰንበትን እዚያው አሳልፋችሁ ትመለሳላችሁ። እኛ የሄድነው ሰኞ ማታ ነው።

ስለ ምግብ። ኮሸር የሚበላ ሰው ስንቁን ይያዝ። ሥጋና የወተት ነገር ከእኛ አገር ወደ እንግሊዝ ይዞ መግባት ክልክል ነው፣ ስለዚህ ከቤት ቅቤና ቋንጣ አትጫኑ። ለንደን ውስጥ ጎልደርስ ግሪን የሚባል ብዙ አይሁድ የሚኖሩበት ሰፈር አለ፤ ኮሸር ዳቦውንም ሌላውንም እዚያ ታገኛላችሁ። እናቴ ዳቦ ቆሎ ከቤት ይዛ ነበር፣ ሌላውን ከዚያ ገዛን። ባቡር ላይ እሳት የለም፣ ቡና ማፍላት አይታሰብም። እሷ ግን ያደርንበት ቤት ውስጥ አፍልታ በፔርሙዝ ይዛ ነው የመጣችው። ጥሩ አደረገች።

አሁን ደግሞ የእኛን ጥፋት ልንገራችሁ። እናቴ ትልቁን ሻንጣ ካልያዝኩ አለች። ሦስት ጋቢ፣ ሁለት ድስት፣ ለማታውቃቸው ሰዎች የሚሆን ስጦታ ሳይቀር ጭናለች። ክፍሉ ግን ጠባብ ነው። ሁለት አልጋ አንዱ ባንዱ ላይ፣ አንድ መስኮት፣ አንድ ትንሽ የእጅ መታጠቢያ፣ በአልጋውና በግድግዳው መሃል አንድ ሰው የሚቆምበት ቦታ፣ በቃ። ሻንጣው ከገባ ሰው አይገባም። በመጨረሻ ሻንጣው ወደ እኔ ክፍል መጣ። ታችኛው አልጋ ላይ ሻንጣው ተኛ፣ እኔ እላይ። ስለዚህ ለሌሊቱ የሚያስፈልጋችሁን በትንሽ ቦርሳ ለዩ፦ የሌሊት ልብስ፣ መድኃኒት፣ ውሃ፣ ነጠላ ጫማ።

ባቡሩ የሚነሳው ለንደን ካለው ዩስተን ጣቢያ ነው፣ ከ21 ሰዓት ትንሽ አልፎ። ካሌዶኒያን ስሊፐር ይባላል፤ ካሌዶኒያ የስኮትላንድ የጥንት ስም ነው። ቀደም ብላችሁ ድረሱ፣ ከመነሻው ሰዓት በፊት ያስገባሉ። ባቡሩ 16 ፉርጎ አለው። እናቴ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ መቀነቷን ታጥቃ፣ ነጠላዋን ጣል አድርጋ፣ በመድረኩ ዳር እየሄደች እየሄደች አላልቅ ሲላት «ልጄ፣ ይሄ ባቡር ነው ወይስ መንደር?» አለችኝ። የእኛ ፉርጎ ሩቅ ነበር። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ካለ ቲኬቱ ሲገዛ እርዳታ እንደሚያስፈልገው ቀድማችሁ አስታውቁ።

የክፍሎቹ ዓይነት ይለያያል። ዝቅተኛው እጅ መታጠቢያ ብቻ ያለው ነው፤ ሽንት ቤቱ ፉርጎው ጫፍ ላይ ነው። ከፍ ያለው ውስጡ ሽንት ቤትና ሻወር አለው። ሌሊት ሁለት ሦስቴ ለሚነሳ ሰው ልዩነቱን መክፈል ይሻላል፤ በሚወዛወዝ ባቡር በጨለማ ኮሪደር መሄድ ለሽማግሌ ጥሩ አይደለም። ታችኛው አልጋ ለአዋቂው፣ በመሰላል የሚወጣው ለልጁ። አንሶላና ብርድ ልብስ አለ፣ ስልክ መሙያ አለ፣ በሩ ከውስጥ ይቆለፋል።

ሁለት ክፍል ነበር የያዝኩት፣ ጎን ለጎን። መጀመሪያ ያሰብኩት እኔ ከእናቴ ጋር፣ ልጄ ለብቻዋ ነበር። ልጄ ብቻዬን አላድርም አለች። እናቴ ደግሞ «ልጅቱ ከእኔ ጋር ትሁን» አለች። ደስ አላለኝም። እናቴ ሌሊት አንድ ነገር ብትፈልግ ማን ይተረጉማል ብዬ ነው። ግን ሁለቱ አንድ ላይ ከቆሙ ማን ይችላቸዋል?

ባቡሩ ሲነሳ ሦስታችንም ታችኛው አልጋ ላይ ተደርድረን ቡናውን በወረቀት ኩባያ ጠጣን። ለንደን በመስኮቱ እያለፈች ጨለማ ሆነ። ወደ 23 ሰዓት ላይ ደህና እደሩ ብዬ ወጣሁ። እናቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፣ ጫማዋን አላወለቀችም፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ ይዛለች።

«እማዬ፣ ጋደም በይ እንጂ።»

«አንተ ሂድና ተኛ» አለችኝ።

ስለ እንቅልፉ እውነቱን ልንገራችሁ። እንደ ቤታችሁ አትተኙም። ባቡሩ ይወዛወዛል፣ ሐዲዱ ይጮኻል፣ ፍጥነቱ ሲቀየር ሰውነታችሁ ይሰማዋል። ሲቆም ደግሞ ጸጥታው ራሱ ይቀሰቅሳል። ጎህ ሊቀድ ሲል ኤድንበራ ላይ ባቡሩን ሦስት ቦታ ይከፍሉታል፤ አንዱ ወደ አበርዲን፣ አንዱ ወደ ኢንቨርነስ፣ አንዱ ወደ ፎርት ዊሊያም ይሄዳል። ፉርጎዎቹ ሲፈቱና ሎኮሞቲቭ ሲቀየር ገጭ ገጭ ይላል። አትደንግጡ፣ ምንም አልሆነም። የጆሮ መድፈኛ ያዙ። ከሁሉ በላይ ግን ላለመተኛት ተዘጋጅታችሁ ግቡ። ካልተኛሁ ብሎ የሚናደድ ሰው ሌሊቱ ይረዝምበታል።

እኔም እላይ ተኝቼ ስገላበጥ በግድግዳው በኩል ድምፅ ይሰማኝ ነበር። የእናቴ ድምፅ፣ ቆይቶ የልጄ፣ ቆይቶ ሳቅ፣ ቆይቶ ረጅም ጊዜ የእናቴ ብቻ። ቃሉ አይለይም። ሁለት ጊዜ ልነሳና ምን ፈለጋችሁ ልላቸው አሰብኩ። ሻንጣውን ተሻግሮ መውረዱ ከበደኝና ቀረሁ። ዛሬ ያንን ሻንጣ አመሰግነዋለሁ።

በሰኔ እዚያ አገር ጎህ የሚቀደው ከ5 ሰዓት በፊት ነው። ስለዚህ ለማየት የምትሄዱ ከሆነ ከግንቦት እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ ሂዱ። በታኅሣሥ ከሄዳችሁ ፀሐይ የምትወጣው ልትደርሱ ትንሽ ሲቀራችሁ ነው፣ አብዛኛው መንገድ በጨለማ ያልፋል። በበጋቸው ያለው ችግር ሚጅ የሚሉት ከትንኝ ያነሰ ነካሽ ነገር ነው። ባቡር ውስጥ አያስቸግርም፣ ስትወርዱ ግን ቅባቱን ያዙ።

ግላስጎውን ካለፋችሁ በኋላ ነው እውነተኛው መንገድ የሚጀምረው። ይህ ሐዲድ የተከፈተው በ1894 ነው፣ በአንድ ረድፍ ብቻ የሚሄድ፣ ተራራ ለተራራ የሚጠማዘዝ ነው። መጀመሪያ በግራ በኩል ከባሕር ወደ ተራራው የገቡ ረጃጅም ውሃዎች ታያላችሁ፣ ጌር ሎክና ሎክ ሎንግ ይባላሉ። ከዚያ በቀኝ በኩል ሎክ ሎሞንድ ይመጣል፣ ትልቅ ሐይቅ ነው። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ የክፍላችሁ መስኮት አንድ ጎን ብቻ ነው የሚያሳየው። ሌላው ጎን ያለው ኮሪደሩ ላይ ነው። ስለዚህ በሩን ከፍታችሁ እየወጣችሁ እየገባችሁ እዩ። የምግብ ፉርጎም አለ፣ እዚያ ተቀምጦ ሻይ እየጠጡ ማየት ይቻላል።

ልጄ በሬን ያንኳኳችው ከ7 ሰዓት በፊት ነው። ኮሪደሩ ላይ ቆመን፣ ውሃው በመስኮት እያለፈ፣ በዕብራይስጥ እንዲህ አለችኝ፦

«አባ፣ አንተ ሕፃን ሆነህ ጠፍተህ እንደነበር ታውቃለህ?»

«የት?»

«በመንገድ። ወደ ሱዳን ስትሄዱ።»

አላውቅም ነበር።

ልጄ ሌሊት ነቅታ ሳቭታዋ ጫማዋን እንዳደረገች ተቀምጣ አየቻት። ለምን አትተኚም ብላ ጠየቀቻት። እናቴም ነገረቻት። አንድ ሌሊት መሪው «ትንሽ እረፉ» አለ። ሁሉም ባለበት ቁጭ አለ። እናቴ ታናሽ እህቴን አዝላ፣ እኔን አጠገቧ አስተኝታ፣ ዛፍ እንደተደገፈች ሸለብ አደረጋት። በጨለማ «ተነሱ» ሲባል ደንግጣ ብድግ አለች። እኔን አጎቴ አህያው ላይ ያስቀመጠኝ መሰላት። አጎቴ ደግሞ ከእሷ ጋር ያለሁ መሰለው። በዚያ መንገድ ማንም ማንንም ጮኾ አይጣራም። የለሁም መባሉ የታወቀው ብዙ ከሄዱ በኋላ ነው። መሪው መመለስ የለም፣ ለአንድ ልጅ ብለን ሁሉን አናስፈጅም አለ። እናቴ እህቴን ለአባቴ ሰጥታ ብቻዋን ተመለሰች። ሽፍታም ወታደርም እንዳይሰማ ስሜን በሹክሹክታ እየጠራች፣ መሬቱን በእጇ እየዳበሰች። ያገኘችኝ በእግሯ ረግጣኝ ነው። እኔ ከተውኝ ቦታ እንደተኛሁ ነበርኩ፣ አልነቃሁም።

መቀነቱን ያሰረችብኝ ከዚያ ሌሊት በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ሌሊት ተኝታ አታውቅም።

«ይሄን ሁሉ በምን ቋንቋ ነገረችሽ?» አልኳት ልጄን።

«በሁለቱም። ያልገባኝን በእጇ አሳየችኝ። መቀነቷን ፈትታ እጄ ላይ አሰረችው።»

ሃያ ዓመት ሙሉ ሰው ፊት ተቀምጬ «እስቲ ታሪክዎን ይንገሩኝ» ስል የኖርኩ ሰው ነኝ። የስንቱን ሽማግሌ መንገድ ጽፌያለሁ። የራሴን ግን የ12 ዓመት ልጅ ናት የነገረችኝ። እኔ መሃል ብኖር ኖሮ ምናልባት እናቴ አትናገርም ነበር። ብትናገርም እኔ አሳጥሬ «መንገዱ ከባድ ነበር እያለች ነው» እላት ነበር።

ወዲያው ወደ እናቴ አልገባሁም። ምን እንደምላት አላውቅም ነበር። ባቡሩ ታይንድረምን አልፎ የፈረስ ኮቴ በሚመስል ትልቅ ጥምዝ ላይ ሲዞር የራሳችንን ባቡር ፊት በመስኮት አየነው። ልጄ ጮኸች፣ እናቴም ነጠላዋን እያስተካከለች ኮሪደሩ ላይ መጣች።

ከዚያ ቀጥሎ ያለው ራኖክ ሙር ይባላል። ሰፊ ረግረግ ነው። ዛፍ የለ፣ ቤት የለ፣ መንገድ የለ፤ ውሃ፣ ድንጋይና ቡናማ ሣር ብቻ። እናቴ «ይሄ ከባድ ብረት እንዴት አይሰምጥም?» አለች። ሐዲዱን የሠሩት ሰዎች መሬቱ እየዋጠ ስላስቸገራቸው የዛፍ ሥርና ጭራሮ አነጠፉበት፣ በላዩ አፈርና አመድ ጨመሩበት፣ ሐዲዱ እንደ ታንኳ በዚያ ላይ ነው የተቀመጠው አልኳት። «እንግዲያስ ከታች ያለው አሁንም አለ» አለች።

ያን ጊዜ ነው የጠየቅኳት።

«እማዬ፣ ለምን ነገርሽኝ አታውቂም?»

ምን እንደምል አውቃለች። ፊቷን ከመስኮቱ አላነሳችም። «ምን ብዬ ልንገርህ? ጥዬህ ሄጄ ነበር ብዬ?»

«ተመልሰሽ መጣሽ እኮ።»

ዝም አለች። ቆይታ «እንቅልፍ ነው የጣለኝ፣ ልጄ። እንቅልፍ» አለች። አርባ ዓመት ሙሉ ይሄን ይዛ ነው የኖረችው። እኔ ደግሞ አርባ ዓመት ሙሉ ረባሽ ስለነበርኩ ነው ስል። እጇን ያዝኩ። ሌላ የምለው አላገኘሁም። ኮሩር የሚባለው ጣቢያ አጠገብ ስንደርስ «እንዴ! አጋዘን!» ብላ ጮኸች። እውነትም አጋዘኖች ነበሩ፣ ቀንዳቸው ከፍ ያለ፣ ከሐዲዱ ሩቅ ያልሆኑ። ኮሩር 408 ሜትር ላይ ያለ፣ በብሪታንያ ዋና የባቡር መስመር ላይ ካሉ ጣቢያዎች ሁሉ ከፍተኛው ነው፤ ሕዝብ የሚሄድበት የመኪና መንገድ አይደርሰውም።

ከኮሩር በኋላ ባቡሩ ይወርዳል። በግራ በኩል ሎክ ትሪግ የሚባል ሐይቅ በተራራ ተከብቦ ይታያል፣ ቀጥሎ ወንዙ ድንጋይ ሰንጥቆ የሚያልፍበት ጠባብ ገደል አለ። ለእኔ ከመንገዱ ሁሉ በጣም ያማረው ይሄ ነው። እናቴ ግን አላየችውም። ለልጄ «ትንሽ ጋደም ልበል» ብላት ገባች። በሩን ቀስ ብዬ ስከፍት ጫማዋን አውልቃ አልጋው ሥር አስተካክላ አስቀምጣለች፣ ነጠላዋን ተከናንባ ተኝታለች። ልጄ እግሯ ሥር ተቀምጣ ትጠብቃታለች። ቁርስ የሚያመጣው ሰውዬ ሊያንኳኳ ሲል ልጄ ጣቷን አፏ ላይ አድርጋ «ሽ!» አለችው።

ፎርት ዊሊያም ወደ 10 ሰዓት ላይ ደረስን። ከተማዋ ከቤን ኔቪስ ሥር ናት፣ የብሪታንያ ትልቁ ተራራ ነው፣ 1345 ሜትር። በኩራት አሳየኋት። ራስ ዳሸንን ከሩቅ እያየች ያደገች ሴት ናት፤ እሱ ደግሞ ከ4500 ሜትር በላይ ነው። ወደ ላይ ወደ ታች አየችውና «ይሄማ ጉብታ ነው» አለች። «ደጋው ግን ደጋ ነው፣ አየሩ ይሸታል።»

በማግስቱ በሌላ ባቡር ወደ ማሌግ ስንሄድ ግሌንፊናንን አየነው። ልጄ ፎቶዋን አነሳች፣ በጣም ደስ አላት። ስለ እሱ ብዙ አልጽፍም፣ ፊልሙ ላይ ታዩታላችሁ።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ የጠየቃችሁኝን መልሻለሁ። ልጆቻችሁ ና ሲሏችሁ ሂዱ። ስኮትላንድ ካልሆነ ሌላ አገርም የሌሊት ባቡር አለ። አልጋው ጠባብ ነው፣ እንቅልፉ ትንሽ ነው፣ ግን እያያችሁ ትደርሳላችሁ። እናንተ ልጆች ደግሞ ክፍል ስትይዙ አያትን ከልጅ ልጅ ጋር አድርጉ፣ እናንተ ሌላ ክፍል ግቡ። አማርኛ አይችሉም፣ ዕብራይስጥ አይችሉም ብላችሁ አትጨነቁ። አሥራ ሦስት ሰዓት በአንድ ጠባብ ክፍል የቆየ ሰው መንገዱን ራሱ ያገኛል። ሳትጠሩ አትተርጉሙ።

ባለፈው ወር አንድ ትምህርት ቤት ስለ መንገዱ እንድናገር ጠርቶኝ ነበር። የጥጃውን ቀልድ አልተናገርኩም። ልጄን ይዣት ሄድኩ፣ የመቀነቱን ነገር እሷ ነገረቻቸው።

መንገዳችሁን እግዚአብሔር ያቅናላችሁ።